የማታ ላጲስ

ተከዜ ከሑመራ አልፎ ድንበሩን ሲሻገር ሰቲት ይሉታል። ወድ ኤል ሒለው ያለችው በዚያ ወንዝ ዳር፣ ከገዳሪፍ በስተምሥራቅ፣ ሰሊጥና ማሽላ በሚዘራበት ሜዳ ላይ ነው። መሬቱ መረሬ ነው። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ደግሞ ሎሪ ይውጣል። ጦርነትና ረሃብ ከቤቱ ያወጣው የእኛ ሰው በዚህ አካባቢ ለአሥርተ ዓመታት ሲጠለል ኖሯል። ከኅዳር 2013 ወዲህ በነበሩት ወራት ብቻ ከ60 ሺህ በላይ ሰው በሐምዳይትና በሌሎች መሻገሪያዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገብቷል።

የምነግራችሁ ግን ምሳሌ ነው። ሰዎቹ ስም የላቸውም፣ አትፈልጓቸው። እንጀራዬ የዳታቤዝ ጥበቃ ነው፤ አዲስ ልጅ ተቀጥሮ አጠገቤ ሲቀመጥ፣ ማኑዋሉን ከመስጠቴ በፊት ይህን እነግረዋለሁ።

ኮምፒውተር በአካባቢው ባልነበረበት ዘመን፣ በወድ ኤል ሒለው የስደተኛ ሠፈር የራሽን መዝገብ የሚይዙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከጎንደር ወገን የመጡ የድጓ መምህር ስለሆኑ ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። መዝገባቸው ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ መስመር አለው፦ የካርድ ቁጥር፣ ስም፣ የነፍስ ብዛት። የሚጽፉት በእርሳስ ነው።

መጋዘኑ ሁለት መስኮት ነበረው። በአንዱ ዱቄት ይሰፈራል፣ በሌላው ዘይትና ምስር። አንዲት እናት ጠዋት በአምስት ነፍስ ዱቄቷን ተቀብላ ወደ ዘይቱ መስኮት ልትዞር ስትል ጎረቤት ሮጦ ይመጣና «የኔታ፣ እሷ ቤት ሌሊት ልጅ ተወልዷል፤ ስድስት ሆነዋል» ይላቸዋል። የኔታ «አምስት» የሚለውን አያጠፉትም። ስስ ሰረዝ ያሳርፉበትና መዝገቡ መጨረሻ ላይ አዲስ መስመር ከፍተው «ስድስት» ብለው ይጽፋሉ። የዘይቱ ጸሐፊ ገና አሮጌውን መስመር እያነበበ ነውና። በአምስት ዱቄት የወሰደች በስድስት ዘይት ከወሰደች የቀኑ ሒሳብ አይገጥምም። ዛሬ የጀመረ ዛሬ ባየው ይጨርሳል፣ ነገ የሚመጣ አዲሱን ያያል። በዚህ ዘዴ ጸሐፊው አንባቢውን «ቆይ» አይለውም፣ አንባቢውም ጸሐፊውን አያስቆመውም።

ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው መዝገብ ተሸክሟል። አንድ ረድፍ ሲታደስ አሮጌው ከቦታው አይነሳም፤ አዲሱ ሌላ ቦታ ይጻፋል፣ አሮጌው እንደሞተ እዚያው ይቀመጣል። 100 ብር ወደ ሒሳብህ ገብቶ ወዲያው 100 ብር ቢወጣ፣ የምታየው ቁጥር ያው የጠዋቱ ነው። ከሥሩ ግን ሁለት የሞቱ ረድፎች ቀርተዋል። በቀን ሚሊዮን ጊዜ ገንዘብ የሚተላለፍበትን ሠንጠረዥ በዚህ አስቡት።

የየኔታ ሁለተኛ ሥራ የሚጀምረው መስኮቶቹ ሲዘጉ ነበር። ፋኖሳቸውን አብርተው ከመዝገቡ ጥቂት ቅጠሎች ይገልጣሉ፤ ሁሉንም አይነኩም፣ ጥቂቱን ብቻ። የተሰረዘ መስመር ሲያገኙ «ይህን የሚያነብ ቀርቷል?» ብለው የዘይቱን ጸሐፊ ይጠይቃሉ። የለም ከተባሉ፣ ወደዚያ መስመር የሚመራውን ቁጥር መጀመሪያ ከስም ማውጫው፣ ቀጥሎ መስመሩን ራሱን በላጲስ ያጠፋሉ። መስመሩ ባዶ ሆኖ ነገ የሚመጣውን ይጠብቃል። መዝገቡ በዚህ አይቀጥንም፤ አይወፍርምም። በጣም የቆዩትን ቤተሰቦች ደግሞ «ነባር» የሚል ምልክት ያደርጉባቸዋል። የካርድ ቁጥር መምቻው ማሽን አራት አሃዝ ብቻ ስላለው፣ 9999 ሞልቶ ወደ ዜሮ ሲመለስ የትናንቱ ሰው የነገ መስሎ እንዳይታይ ነው። ፖስትግሬስም ይህ ጣጣ አለበት። ትራንዛክሽን ለሚባለው ለእያንዳንዱ የሥራ ዙር የሚሰጠው ቁጥር ከ2 ቢሊዮን በላይ ወደኋላ መቁጠር አይችልም፤ ነባሮቹ በጊዜ ምልክት ካልተደረገባቸው መጨረሻ ላይ አዲስ ነገር አልጽፍም ብሎ ይቆማል።

ከመተኛታቸው በፊት የግድግዳውን ሰሌዳ በጠመኔ ያስተካክላሉ፤ በምሥራቅ ረድፍ ስንት ቤተሰብ፣ በምዕራብ ረድፍ ስንት ቤተሰብ። ተሸካሚዎቹ ጠዋት ስንት ጆንያ ወዴት እንደሚያወጡ የሚያውቁት ከሰሌዳው ነው።

ይህን ሥራቸውን ያየላቸው ሰው አልነበረም። ሰልፉ በሦስት ሰዓት ሲያልቅ ሰው ዱቄቱን ተሸክሞ ወደ ጎጆው ይገባል፤ ሰልፍ ለምን በጊዜ አለቀ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ግንቦት ላይ የየኔታን ዓይን ሞራ ጋረደውና ለሕክምና ወደ ገዳሪፍ ሄዱ። በቦታቸው አንድ ወጣት መምህር ተተካ። ትጉህ ልጅ ነው፤ ጽሕፈቱ ያምራል፣ እጁ ፈጣን ነው፣ ሰው ያከብራል። የኔታ ሎሪ ላይ ሲወጡ ላጲሷን በእጁ አስጨብጠው «ልጄ፣ ማታ ማታ ጥቂት ጥቂት» አሉት። እሱም «እሺ የኔታ» አለ፤ የእውነቱን ነበር።

የመጀመሪያው ማታ ደከመው። በሁለተኛው፣ ከማጥፋት ይልቅ የነገን ካርዶች አስቀድሞ ቢጽፍ ሰልፉ ይበልጥ እንደሚፈጥን ታሰበው። ጻፈ፤ እውነትም ፈጠነ። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ታሪኩን የሚያጣምሙት ልጁን ሰነፍ አድርገው የሚያወሩት ናቸውና። በሰኔ ወር ከየኔታ ዘመን ይልቅ ሰልፉ ቀደም ብሎ ያልቅ ነበር። ጉዳቱ ያን ጊዜ አይታይም። እኔም በሥራዬ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ጽዳቱ የተቋረጠበት ሠንጠረዥ የመጀመሪያ ሳምንቱን በፈገግታ ያሳልፋል።

ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡ ወረደ። ማዶ ችግር ስለባሰ በየቀኑ ሰው ይሻገራል። ጎልማሶቹ ሳሉግ፣ ማለትም የቀን ሠራተኛ፣ ሆነው ለአረም ወደ እርሻዎቹ ይሄዳሉ፣ ወባ ይዟቸው ይመለሳሉ። ይወለዳል፣ ይሞታል። እያንዳንዷ ለውጥ አንድ ሰረዝና አንድ አዲስ መስመር ናት። አንድ የነበረው መዝገብ ሁለት ሆነ፣ አራት ሆነ፣ በነሐሴ አጋማሽ ዘጠኝ ሆኖ ጠረጴዛውን ሞላው። የሠፈሩ ሰው ግን ዘጠኝ እጥፍ አልሆነም፤ እጥፍ እንኳ አልሆነም።

አንድ ማለዳ አንዲት እማማ መስኮቱ ላይ ደረሱ። ትከሻቸው ላይ ግራጫ ብርድ ልብስ ደርበዋል። መምህሩ የስም ማውጫውን ገለጠ። በእሳቸው ስም ስድስት ቦታ ተጽፏል። የመጀመሪያውን አወጣ።

«አምስት። ተሰርዟል።»

«እሱ የመጣን ጊዜ ነው» አሉ እማማ።

ሁለተኛውን መዝገብ ጎተተ። «አራት። ተሰርዟል።»

«ወንዱ ልጄ ለአረም የሄደ ጊዜ።»

«አምስት። ይኸም ተሰርዟል።»

«ሴቷ ልጄ የወለደች ጊዜ።»

ከዘጠኙ መካከል አምስተኛውን መዝገብ ፈልጎ አነሣ፤ ገጹ በእርጥበት ተጣብቆ ነበር። «አራት» አለ፤ ይህም ተሰርዟል። እማማ ዝም አሉ። ጣቱ መስመሩ ላይ እንዳረፈ ቀና ብሎ አያቸው።

«ትልቋ የልጅ ልጄ ናት፤ በኩፍኝ» አሉ። «ያንን ዝለለው ልጄ።»

ሊዘለው አይችልም፤ ማውጫው የትኛው ሕያው የትኛው የሞተ እንደሆነ አይናገርም። አንድ በአንድ ገልጦ ማየት ነው። አምስተኛው መስመር «አምስት» ይላል፣ ልጃቸው በወባ ተይዞ የተመለሰ ጊዜ። ስድስተኛው «ስድስት» ይላል፣ የእህታቸውን ወላጅ አልባ ልጅ ያስጠጉ ጊዜ። ያልተሰረዘው እሱ ብቻ ነው። አንዲት ሴት ዱቄቷን ለመቀበል የክረምቱን መከራዋን ሁሉ በተራ መስማት ነበረባት፤ ከኋላዋ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ ቆሞ ይጠብቃል። ሰልፉ ያን ቀን ጀምበር እስክትጠልቅ አላለቀም።

ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር የግንቦት ነው። አዲስ የገባው ሰው የሠፈረው በምዕራብ በኩል ሆኖ ሳለ፣ ተሸካሚዎቹ ሰሌዳውን አምነው ጆንያውን ሁሉ ወደ ምሥራቅ ያወጣሉ። ከዚያ በጭቃ ውስጥ መልሰው ይሸከሙታል። ዳታቤዝም እንዲህ ይሳሳታል። ስለ ሠንጠረዡ የያዘው ግምት ካልታደሰ አቋራጩን ትቶ ረጅሙን መንገድ ይመርጣል፤ ጥፋቱ የአሮጌው ቁጥር ሆኖ ሳለ ሰው ማሽኑን ይረግማል።

መምህሩ ሞኝ አልነበረም። ያን ማታ ላጲሷን ፈልጎ አገኛት፤ እንዳያጠፋ የከለከለው ግን ሌላ ነገር ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ተቆጣጣሪ ከከተማ መጥቶ መዝገቡን ሊቆጥር ተቀምጦ ነበር። «መቁጠር ከጀመርኩባት ሰዓት አንሥቶ፣ እኔ ሳልጨርስ አንዲት መስመር እንዳትጠፋ» ብሎ አዘዘ። አንድ ገጽ ቆጠረና መነጽሩን በተገለጠው መዝገብ ላይ አስቀምጦ ለጉዳይ ወደ ገዳሪፍ ወጣ። ማታውን ዘነበ፣ መንገዱ ተቆረጠ። መነጽሩ እዚያው ነው። ተቆጣጣሪው አያነብም፣ አይቆጥርም፣ አይመጣም። ሆኖም ትእዛዙ ጸንቶ ስላለ፣ ከዚያች ሰዓት ወዲህ የተሰረዘ መስመር ሁሉ ሊያነበው ይችላል ተብሎ ይጠበቃል።

ስንት ሌሊት ይህን መነጽር ፈልጌያለሁ! የየኔታን የማታ ጽዳት በፖስትግሬስ ውስጥ የሚሠራው አውቶቫክዩም ሥራ ላይ ነው፣ ሎጉም መሥራቱን ያሳያል፣ የሞተው ረድፍ ግን አይቀንስም። ሲፈለግ አንድ ሰው ጠዋት ትራንዛክሽን ከፍቶ፣ ሳይዘጋ ለምሳ ወጥቶ፣ በዚያው ወደ ቤቱ ሄዶ ይገኛል። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ምናልባት አንድ ቁጥር ብቻ ሊለውጥ ፈልጎ ነው። እሱ የከፈተው ግን ያልነካቸውን ሠንጠረዦች ሳይቀር ጽዳት ያግዳል። ስለዚህ እኔ ባለሁበት ቤት ሥራ ፈትቶ የተከፈተ ትራንዛክሽን ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ በራሱ እንዲቋረጥ ይደረጋል፤ በዚህ አልደራደርም።

የመጋዘኑ ዘበኛ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ «ዐሚ» ይላቸዋል። በጎልማሳነታቸው በኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ላይ ሠርተዋል። ያን ሌሊት መምህሩ ፊቱን በእጁ ይዞ ተቀምጦ ሲያዩት ጀበናቸውን ይዘው አጠገቡ ቁጭ አሉ።

«ይህ ወንዝ የእናንተን ተራራ ነው ይዞ የሚመጣው» አሉት በተሰባበረ አማርኛ። «እኛ ውሃ ልንይዝ ግድብ ሠራን፣ ጭቃውም አብሮ ተያዘ። ውሃው መሬት ይጠጣል፣ ይሄዳል። ጭቃው አይሄድም። በኋላ በየክረምቱ፣ ወንዙ ሲሞላ በሮቹን መክፈት ጀመርን፤ ጎርፉ ራሱ ጭቃውን ጠርጎ እንዲወጣ። ውሃ እናጣለን፤ ዓሣ ያልቃል። ቢሆንም እንከፍታለን። ለመክፈት የዘገየንበትን ግን ማንም አልመለሰልንም።»

እውነታቸውን ነው። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲያልቅ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። የሚያጠጣው በአስዋን ግድብ የተፈናቀሉት ኑቢያውያን የሠፈሩበትን የኒው ሐልፋ እርሻ ነው። ከሰሜን ተራሮችና ከላስታ የሚታጠበው አፈር ግን ግማሽ ያህሉን ቦታ ወስዶበታል። በየዓመቱ ደለሉን በጎርፍ ማጠብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው።

በማግስቱ መምህሩ የሠፈሩን ሽማግሌዎች ሰበሰበ። ከብዙ ክርክር በኋላ አንደኛው ተነሥተው መነጽሩን ከመዝገቡ ላይ አነሡ፣ በጨርቅ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። «ሲመጣ ከአንድ ብሎ ይቁጠር» አሉ።

አሁን ላጲስ ማንሣት ይቻላል። ነገር ግን ከአሥር መስመር ስምንቱ በተሰረዘበት ዘጠኝ መዝገብ ላይ ላጲስ ምን ያደርጋል? ቢያጠፋው ባዶ ገጽ ይበዛል እንጂ መዝገቡ አያንስም፤ ፈላጊውም ባዶውን ሁሉ እየገለጠ ይሄዳል። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ሕያዋኑን ብቻ ለቅሞ ወደ አዲስ መዝገብ መገልበጥ። ሲገለብጥ ደግሞ ማንም መጻፍም ማንበብም የለበትም፤ ሁለቱም መስኮት ይዘጋል። ወረቀትም ያስፈልጋል፤ አሮጌው የሚጣለው አዲሱ ሲያልቅ ነውና ለሁለቱም ቦታ ሊኖር ይገባል። መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ባዶ መዝገብ አንድ ብቻ ነበር። የቀረውን ከካርቶን ልባጭና ከደብዳቤ ጀርባ ሰፉት። ሦስት ቀን፣ ሦስት ሌሊት ፈጀ። (ቫክዩም ፉል የሚባለው ትእዛዝ ይኸው ነው። ዲስኩ በሞላ ሰዓት የሚያዙት፣ ለመገልበጫ የሚሆን ቦታ እንደሌላቸው ያን ጊዜ ያውቃሉ።)

መስኮቱ ሦስት ቀን ተዘጋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ራሽን ጠብቆ ያደረ ያውቀዋል። ሰው ከጎረቤት ተበደረ። ጎረቤቱ ሲያልቅበት ወደ ሱቅ ወረደ። እዚያ ማሽላ አለ፣ ብድር ግን የለም።

አሁን ልጆቹ የሚጠይቁኝን ልመልስ። «ዘንድሮ እኮ የኔታ አያስፈልጉም፤ አውቶቫክዩም አለ» ይሉኛል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከዳታቤዙ ጋር ተዋሕዷል፤ ከ2008 ወዲህ ደግሞ ማንም ሳያዘው ይሠራል። ሲወጣ ይዞት የመጣው ልክ ግን ከሠንጠረዡ 20 በመቶው፣ በላዩም 50 ረድፍ፣ እስኪሞት እንዲጠብቅ ነው። ለትንሽ ሠንጠረዥ ይህ መልካም ነው። 10 ሚሊዮን ረድፍ ላለውና ቀኑን ሙሉ ለሚታደሰው ግን፣ 2 ሚሊዮን እስኪሞት ዝም በል ማለት ነው። እንዲህ ላለው ሠንጠረዥ ለብቻው ልኩን ወደ 1 ወይም 2 በመቶ ዝቅ አደርገዋለሁ። በየገጹም ጥቂት ቦታ አስቀድሜ አስተርፋለሁ፤ አዲሱ ረድፍ ከአሮጌው አጠገብ እዚያው ገጽ ላይ ካረፈና በማውጫ የተያዘው ነገር ካልተለወጠ፣ ማውጫውን መንካት አያስፈልግም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ ማሽኑ ሲዘገይ አውቶቫክዩም ሲሠራ አይተው «አዘገየን» ብለው የሚያጠፉት ናቸው። መጥረጊያ የያዘውን ሰው ቤቱን አቆሸሸ ብሎ እንደማባረር ነው።

ወደ ወድ ኤል ሒለው ልመለስ። በአራተኛው ቀን መስኮቶቹ ተከፈቱ። የስም ማውጫው ለአንድ ሰው አንድ ቦታ ይላል። ሰልፉ በሦስት ሰዓት አለቀ።

መስከረም ጠባ፣ መንገዱ ደረቀ፣ የሰሊጥ አጨዳ ደረሰ። አንድ ማታ መምህሩ ፋኖሱን አብርቶ ሁለት ቅጠል ገልጦ ላጲሱን ሲያሽ፣ እማማ በራፉ ላይ ቆሙ።

«ልጄ ነገ ለአጨዳ ይሄዳል። አምስት በለን ብዬ ነው።»

«ይግቡ እማማ፣ ይቀመጡ።»

ገቡ። «ስድስት» በሚለው ላይ ስስ ሰረዝ አሳረፈ። ወደ መዝገቡ መጨረሻ አልሄደም፤ እዚያው ገጽ ላይ ቅድም ካጠፋቸው ባዶ መስመሮች አንዱን መርጦ «አምስት» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወደ ላጲሱ ተመለሰ። እማማ አጎንብሰው የላጲሱን ፍርፋሪ በነጠላቸው ጫፍ ከወረቀቱ ላይ ያራግፉለት ጀመር። ነፋሱ ከወንዙ በኩል ይመጣል፤ ትከሻቸው ላይ ያለው ነጠላው ብቻ ነው።

መምህሩ እጁን አቆመ። «እማማ፣ ብርድ ልብሱስ?»

«ሱቅ ነው ያለው» አሉ፤ «ያኔ የተዘጋችሁ ጊዜ ነው። አንተ አጥፋ ልጄ፣ ይመሻል።»